ቀለም ከፍቶ መዝጋት፦ በትእዛዝ መስመር ላይ ጽሑፍን ማቅለም፣ ማድመቅና ማስመር

የኮምፒዩተር ትምህርት ዓምድ
አዘጋጅ፦ በጎ ፈቃደኛ መምህር፣ ኪሌሌሽዋ፣ ናይሮቢ



በዚህ እትም የምንማረው ሥዕልና መዳፊት በሌለበት፣ በፊደል ብቻ በሚሠራ ስክሪን ላይ አንድን ቃል ከሌሎች ቃላት ለይቶ ስለማሳየት ነው። ለዚህ ትምህርት አዲስ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ኢንተርኔትም አያስፈልግም። ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃል።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት የጨረሰ ተማሪ፤
ሀ/ ቀለም በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ በምን ዓይነት ትእዛዝ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ይናገራል፤
ለ/ ስምንቱን መሠረታዊ ቀለሞች በቃሉ ሳያጠና በስሌት ያገኛቸዋል፤
ሐ/ ቀለም የት እንደሚጠቅምና የት እንደሚጎዳ በምሳሌ ያስረዳል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ገጻችን በግእዝ ፊደል ብቻ ስለሚተየብ የላቲን ፊደሎችን በስማቸው እንጽፋቸዋለን። «ኤም» ስንል በኪቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን የላቲን ፊደል ትጫናላችሁ። ገጹ የሚባዛውም በጥቁር ቀለም ብቻ ስለሆነ ቀለሞቹን በስማቸው እንጠራቸዋለን።

1. ቀይ ቀለም ከኮምፒዩተር በፊት

በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው አንድ ቃል ጎልቶ እንዲታይለት ሲፈልግ በትልልቁ ፊደል ይጽፈዋል። በእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለም። «ሀ» በአረፍተ ነገር መጀመሪያም መካከልም ያው «ሀ» ነው። ታዲያ የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን አንድን ቃል ከሌላው እንዴት ይለዩት ነበር?

ቀለም በመለወጥ ነበር። በብራና ላይ የሚጽፍ ጸሐፊ ጥቁርና ቀይ ቀለም ያዘጋጃል። የመቃ ብዕሩንም ለየቀለሙ ይለያል። አብዛኛውን ጽሑፍ በጥቁር ይጽፍና የቅዱሳን ስም፣ ርእስ ወይም የምዕራፍ መጀመሪያ ሲደርስ ቀዩን ብዕር ያነሣል። በሐረር በእጅ በተገለበጡ የቁርአን ቅጂዎችም ላይ ቀይ ቀለም ከጥቁሩ ጋር ይታያል። ስለዚህ ቀለምን ለትርጉም መጠቀም ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ከጸሐፊው ሥራ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቀዩ የሚታየው ጥቁሩ ስለበዛ ነው። ገጹ በሙሉ ቀይ ቢሆን ቀዩ ምንም አይናገርም ነበር። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ቀዩን ብዕር አስቀምጦ ጥቁሩን እስኪያነሣ ድረስ የሚጽፈው ሁሉ ቀይ ይሆናል። ዛሬ የምንማረው የኮምፒዩተር ሥራም በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

2. ተርሚናል ምንድን ነው?

ተርሚናል የምንለው ትእዛዝ በፊደል የምንሰጥበትና መልሱንም በፊደል የምንቀበልበት ስክሪን ነው። ቀድሞ ራሱን የቻለ ዕቃ ነበር። ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ይዞ በሽቦ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ይያያዝ ነበር። ዛሬ ግን በኮምፒዩተራችን ውስጥ የሚከፈት አንድ ፕሮግራም ሆኗል።

ከእነዚህ ዕቃዎች ስሙ የገነነው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪቲ100 ነው። ስክሪኑ 24 መስመር ሲኖረው በእያንዳንዱ መስመር 80 ፊደል ይይዛል። 24 በ80 ሲባዛ 1920 ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ የሚታየው ይህን ያህል ፊደል ነው። ቀለም አልነበረውም። ተጨማሪ ክፍል ሲገጠምለት ግን ፊደል ማድመቅ፣ ከሥሩ ማስመር፣ ብልጭ ድርግም ማድረግና ጥቁሩን ነጭ ነጩን ጥቁር አድርጎ መገልበጥ ይችል ነበር።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ትእዛዝ ስለሚጠቀም፣ ለአንዱ ዕቃ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም ነበር። ይህን ለማስቀረት በአውሮፓ ኤክማ 48 የሚባል መለኪያ በ1976 እ.ኤ.አ. ወጣ። በአሜሪካም በ1979 እ.ኤ.አ. የአንሲ መለኪያ ተከተለ። ዛሬ የምንጠቀምበት ትእዛዝ «የአንሲ ኮድ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በሊኑክስና በማኪንቶሽ ይሠራል። በዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በኋላ በመጡት ዊንዶውሶችም ይሠራል። አንድ ጊዜ የተማረው ሰው በሄደበት አገር ይጠቅመዋል።

3. ማምለጫው ምልክት

በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የቁጥር ተርታ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ተርሚናሉ ቁጥሩን ይቀበልና ፊደሉን ስክሪኑ ላይ ያስቀምጣል። ታዲያ «ይህን አትጻፍ፤ ይህ ትእዛዝ ነው» የሚባለው በምን ነው?

ለዚህ ሥራ አንድ ቁጥር ተለይቶ ተቀምጧል፤ እሱም 27 ነው። ስሙ ኢስኬፕ ሲሆን ማምለጫ ማለት ነው። ተርሚናሉ 27ን ሲያይ ከተራ ጽሑፍ ወጥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን እንደ ትእዛዝ ያነባል። ለቀለምና ለፊደል አጻጻፍ የሚሆነው ትእዛዝ አራት ክፍል አለው፤

አንደኛ፣ ማምለጫው፤
ሁለተኛ፣ የማዕዘን ቅንፍ መክፈቻ፣ ማለትም [ ፤
ሦስተኛ፣ የምንፈልገው ቁጥር፤
አራተኛ፣ የትእዛዙን መጨረሻ የምታመለክተው ፊደል ኤም።

ማምለጫውን በትእዛዝ መስመር ላይ የምንጽፈው \033 ብለን ነው። 033 በስምንት ቤት የተጻፈ ቁጥር ነው። 3 ሲባዛ በ8 ሃያ አራት፣ ሲደመር 3 ሃያ ሰባት ይሆናል። በሒሳብ ክፍል የተማራችሁት የቁጥር ቤት እዚህ ሥራ አገኘ።

እንሞክረው። ፕሪንትኤፍ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ በላቲን ፊደሎች ፒ፣ አር፣ አይ፣ ኤን፣ ቲ፣ ኤፍ ተብሎ ይጻፋል። ሥራው የሰጡትን ጽሑፍ ስክሪን ላይ ማውጣት ነው። እንዲህ ጻፉ፤

ፕሪንትኤፍ '\033[31ኤምቀሪ\033[0ኤም\ኤን'

ከዚያ ማስገቢያውን ቁልፍ ተጫኑ። «ቀሪ» የሚለው ቃል በቀይ ይወጣል። የመጀመሪያው ትእዛዝ በ31 ቀዩን ከፈተ። ቀጥሎ ቃሉ ተጻፈ። ሁለተኛው ትእዛዝ በ0 ሁሉንም ወደ ነበረበት መለሰ። መጨረሻ ላይ ያለው \ኤን ወደ አዲስ መስመር ያወርዳል።

4. ስምንቱ ቀለሞች በስሌት

ስክሪን ቀለም የሚሠራው ከሦስት መብራቶች ነው፤ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ። ለቀይ 1፣ ለአረንጓዴ 2፣ ለሰማያዊ 4 ስጡ። የበሩትን መብራቶች ደምሩና በ30 ላይ ጨምሩ፤ የቀለሙን ቁጥር ታገኛላችሁ።

30፤ ምንም አልበራም፤ ጥቁር
31፤ 1፤ ቀይ
32፤ 2፤ አረንጓዴ
33፤ 1 እና 2፤ ቢጫ
34፤ 4፤ ሰማያዊ
35፤ 1 እና 4፤ ሐምራዊ
36፤ 2 እና 4፤ ውሃ ሰማያዊ
37፤ 1፣ 2 እና 4፤ ነጭ

ቀይና አረንጓዴ ቢጫ መሆኑ የሚገርመው ተማሪ ይኖራል። በውሃ ቀለም ቀይና አረንጓዴ ብትደባልቁ ቡናማ የመሰለ ነገር ይወጣል። ስክሪኑ ግን የሚደባልቀው ብርሃን ነው። ብርሃን በብርሃን ላይ ሲጨመር እየደመቀ ይሄዳል፤ ሦስቱም ሲበሩ ነጭ ይሆናሉ።

ከፊደሉ በስተኋላ ያለውን ዳራ ለማቅለም በ30 ምትክ 40 ላይ ደምሩ። 41 ቀይ ዳራ፣ 42 አረንጓዴ ዳራ ነው። ለደማቆቹ ቀለሞች በ90 ላይ ደምሩ። 91 ደማቅ ቀይ ይሆናል። ዘመናዊዎቹ ተርሚናሎች ለእያንዳንዱ መብራት 256 ደረጃ ስለሚሰጡ 256 በ256 በ256 ሲባዛ 16,777,216 ቀለም ያወጣሉ። ለሥራ ግን ከስምንቱ ሦስት ወይም አራት ይበቃል።

5. ማድመቅ፣ ማስመር፣ መገልበጥ

ቀለም ሳይነካ ቃልን ማጉላትም ይቻላል፤

1፤ ማድመቅ ወይም ማወፈር
2፤ ማደብዘዝ
4፤ ከሥር ማስመር
5፤ ብልጭ ድርግም ማድረግ
7፤ ፊደሉንና ዳራውን መገልበጥ

ሁለት ትእዛዞችን አንድ ላይ ለመስጠት በመካከላቸው የላቲኑን ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቡ፣ ማለትም፣ አስገቡ። 1;31 ማለት የደመቀ ቀይ ነው። ብልጭ ድርግም የሚለውን ግን ተዉት። አንባቢን ያስቸግራል፤ በአንዳንድ ተርሚናሎችም አይሠራም። ቁጥር 3 ፊደሉን ያዘማል። የማዝመም ልማድ ከላቲን ጽሕፈት የመጣ ስለሆነ የግእዝ ፊደል ሲዛመም ለንባብ አይመችም። ለአማርኛ ማድመቅና ማስመር ይሻላል።

6. የከፈተ ይዝጋ

ቀለም በተርሚናል ላይ እንደ በር ነው። የከፈተው ካልዘጋው ክፍት ሆኖ ይቆያል። 31 ብላችሁ 0 ሳትሉ ብትተዉ ቀጥሎ የሚጻፈው ሁሉ ቀይ ይሆናል። የእናንተ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ከናንተ በኋላ የሚሠራው ፕሮግራምም፣ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ተማሪም ቀይ ስክሪን ያገኛል። አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ተማሪ በሚደርስበት ክፍል ይህ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው። ስለዚህ መክፈቻውን ስትጽፉ መዝጊያውን ወዲያው ጻፉ፤ ቃሉን በኋላ በመካከላቸው አስገቡ።

ድንገት ስክሪኑ ቀይ ሆኖ ቢቀርባችሁ አትደንግጡ፤ የተሰበረ ነገር የለም።

ፕሪንትኤፍ '\033[0ኤም'

ብትሉ ይመለሳል።

7. ቀለሙ ወደ ፋይልና ወደ ወረቀት ሲሄድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንድ ተማሪ ለፈተና የሚመዘገቡትን ልጆች ዝርዝር የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ሰነዱ የተሟላለት ልጅ አጠገብ «ተሟልቷል» በአረንጓዴ፣ ያልተሟላለት አጠገብ «ቀሪ» በቀይ ይወጣል። በስክሪኑ ላይ ያማረ ነው። ቀጥሎ ዝርዝሩ በፋይል ተቀመጠ።

ፋይሉ ቀለም አያውቅም፤ የተቀበለውን ቁጥር በሙሉ ያስቀምጣል። ስለዚህ ማምለጫው፣ ቅንፉ፣ 31ዱና ኤም ሁሉም ፋይሉ ውስጥ ይገባሉ። መክፈቻው አምስት ምልክት ነው፤ ማምለጫ፣ ቅንፍ፣ 3፣ 1 እና ኤም። መዝጊያው አራት ነው። በጠቅላላው ዘጠኝ እንግዳ ምልክቶች አንዲቱን ቃል ከበቧት። ከዚህ ሦስት ጉዳት ይመጣል።

የመጀመሪያው፣ ዝርዝሩ ወደ ፕሪንተር ሲላክ «[31ኤም» የሚል ቆሻሻ ከልጁ ተራ ቁጥር አጠገብ ታትሞ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ሰው በፋይሉ ውስጥ «14 ቀሪ» ብሎ ቢፈልግ ኮምፒዩተሩ የለም ይለዋል። በ14 እና በ«ቀሪ» መካከል አምስት የተደበቁ ምልክቶች ስላሉ ለኮምፒዩተሩ ያ ሌላ ጽሑፍ ነው። ፈላጊውም ሁሉም ተሟልቶላቸዋል ብሎ ያልፋል። ተራ ቁጥር 14 የሆነው ልጅ ሰነዱ እንደጎደለ ማንም ሳይነግረው የምዝገባው ቀን ያልፋል። ስም ከዝርዝር ሲወድቅ ምን እንደሚያስከትል ለስደተኛ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልግም።

ሦስተኛው፣ ዓምዶቹ ይዛባሉ። ፕሮግራሙ ለአንድ ቃል 10 ቦታ ብሎ ሲለካ የተደበቁትን ዘጠኝ ምልክቶችም ሊቆጥር ይችላል። መፍትሔው በመጀመሪያ ክፍተቱን አስተካክሎ፣ ቀለሙን በመጨረሻ ማልበስ ነው።

የሁለቱ የመጀመሪያ ጉዳቶች መፍትሔ ደግሞ ከመቅለም በፊት መጠየቅ ነው። ፕሮግራሙ እንዲህ ይታሰብ፤

1ኛ/ ውጤቱ የሚሄደው ወደ ስክሪን ነው?
አዎ ከሆነ፤ ክፈት = \033[31ኤም፤ ዝጋ = \033[0ኤም
አይደለም ከሆነ፤ ክፈት = ባዶ፤ ዝጋ = ባዶ
2ኛ/ ጻፍ፤ ክፈት፣ «ቀሪ»፣ ዝጋ

በሊኑክስ ይህ ጥያቄ [ -ቲ 1 ] ተብሎ ይጻፋል። 1 የውጤት መውጫው ቁጥር ነው፤ በቅንፎቹ ውስጥ ያሉትን ክፍተቶች አትርሱ። የፋይል ዝርዝር የሚያሳየው ትእዛዝ፣ ማለትም ኤል ኤስ፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ፎልደሮችን በሰማያዊ የሚያሳየውና ወደ ፋይል ሲላክ ቀለሙን የሚተወው ይህንኑ ጠይቆ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ብዙ የፕሮግራም ጸሐፊዎች አንድ ስምምነት ይከተላሉ። ተጠቃሚው ኖ_ከለር የሚባለውን መለያ ካስቀመጠ ፕሮግራሙ ቀለም አይጨምርም። ትርጉሙ «ቀለም ይቅር» ነው። ፓይተን 3 የምትማሩ ደግሞ ከላይ ያሉትን «ክፈት» እና «ዝጋ» በአማርኛ ፊደል እንደ መለያ ስም መጠቀም ትችላላችሁ፤ ቋንቋው ይቀበላቸዋል።

8. ቀለም ብቻውን አይመስክር

ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ። ይህ በአብዛኛው በትውልድ የሚመጣ ሲሆን ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። ዘራቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች መካከል ከመቶ ስምንት ያህሉ እንዲህ ናቸው። በእኛም መካከል አሉ፤ ብዙዎቹም ራሳቸው አያውቁትም። በዝርዝራችን ላይ ነጥብ ብቻ አድርገን ቀይና አረንጓዴ ብንቀባው ለእነዚህ ልጆች ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሆኑባቸዋል።

በኬንያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማታቱዎች በጎናቸው ላይ ቢጫ መስመር እንዲቀቡ በደንብ ታዘዘ። መስመሩ ተሽከርካሪው የሕዝብ ማመላለሻ መሆኑን ከሩቅ ይናገራል። ወዴት እንደሚሄድ ግን የምታውቁት ፊት ለፊት ከተጻፈው ቁጥርና ስም ነው። በቢጫው ብቻ ተማምኖ ወደ ኪሌሌሽዋ የተሣፈረ ሰው የት እንደሚወርድ አያውቅም። የትራፊክ መብራትም ቀዩን ከላይ፣ አረንጓዴውን ከታች ያደረገው ቀለሙን የማይለይ ሰው በቦታው እንዲለይ ያግዘዋል። እናንተም «ቀሪ» የሚለውን ቃል ጻፉ፤ ቀለሙ ለቃሉ ረዳት ይሁን።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ጥቁር ሰማያዊ በጥቁር ዳራ ላይ፣ ቢጫም በነጭ ዳራ ላይ አይነበብም። የሌላው ሰው ስክሪን ዳራው ጥቁር ይሁን ነጭ ስለማታውቁ እነዚህን ሁለቱን ለአስፈላጊ ቃል አትጠቀሙባቸው።

9. የእኛ ፊደልና ስክሪኑ

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ ወዲህ አማርኛን በተርሚናል ላይ መጻፍ ቀልሏል፤ ሆኖም ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይገባል።

አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። «ቀሪ» ስድስት ባይት ነው። ወርድን በባይት የሚቆጥር ፕሮግራም የአማርኛውን ዓምድ ያዛባዋል። ጥፋቱ የፊደሉ ሳይሆን የቆጠራው ነው።

ተርሚናሉ ለአንድ ፊደል አንድ ጠባብ ሳጥን ይመድባል። «ጨ» ወይም «ሠ» ሰፋ ስለሚሉ ይጣበቃሉ። ፊደሉን ተለቅ ማድረግ ይረዳል። ማድመቅ ግን የባሰ ሊያጣብቃቸው ስለሚችል በአሮጌ ስክሪን ላይ ከማድመቅ ይልቅ ማስመር ወይም መገልበጥ ይመረጣል።

በአሮጌው ቪጂኤ ስክሪን የፊደል ማስቀመጫው 256 ወይም 512 ፊደል ብቻ ይይዛል። የእኛ ዋና ፊደል 33 በ7፣ ማለትም 231 ነው። ዲቃሎቹን፣ ቁጥሮቹንና የላቲን ፊደሎችን ስንጨምር ከ256 ያልፋል። 512ቱን ስንመርጥ ደግሞ ማሽኑ ለብሩህነት ያስቀመጠውን ምልክት ለፊደል ስለሚያውለው 16 የነበሩት የፊደል ቀለሞች 8 ይሆናሉ። በፊደላችን ለመጻፍ ግማሹን ቀለም እንከፍላለን ማለት ነው። ስምንቱ ግን ይበቁናል፤ በብራና ላይ ሁለት በቅተው ነበርና።

10. ለወላጆች

ልጅዎ በጥቁር ስክሪን ላይ ቀይና አረንጓዴ ፊደል ሲያወጣ ቢያዩት ጨዋታ ነው ብለው አይቆጡት። ሰርቨር የሚጠብቁና ፕሮግራም የሚጽፉ ባለሙያዎች የሚሠሩት በእንዲህ ዓይነት ስክሪን ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ይጠይቁት፤ «ይህ ቀለም ምን ይላል?» ይበሉት። መልስ ካለው ትምህርቱ ገብቶታል። መልስ ከሌለው ቀለሙን ያጥፋው።

መልመጃ

1. የደመቀ ጥቁር ፊደል በአረንጓዴ ዳራ ላይ ለማውጣት ምን ቁጥሮች ይሰጣሉ?
2. 36 ከየትኞቹ መብራቶች ተገኘ?
3. አንድ ቃል በ\033[1;31ኤም ተከፍቶ በ\033[0ኤም ቢዘጋ ስንት የተደበቁ ምልክቶች ይጨመራሉ?
4. «ሀገር» የሚለው ቃል በዩቲኤፍ 8 ስንት ባይት ነው?
5. የክፍላችሁን የቤት ሥራ ዝርዝር ቀለም ሳይኖርም የሚነበብ፣ ቀለም ሲኖር ደግሞ ቶሎ የሚታይ አድርጋችሁ ጻፉ። ኮምፒዩተር የሌላችሁ በወረቀት ሥሩት፤ በቀይ የሚሆነውን ቃል ከሥሩ አስምሩበት።

መልስ

1. 1;30;42። 2. ከአረንጓዴና ከሰማያዊ፤ 2 እና 4። 3. መክፈቻው ሰባት፣ መዝጊያው አራት፤ በድምሩ አሥራ አንድ። 4. ዘጠኝ። 5. ለመምህራችሁ አሳዩ፤ ከመዝጋታችሁ በፊት ግን 0ን አትርሱ።

መልካም ጥናት!